ተመሳሳይ ላባ ያላቸውን የጓሮ ዶሮዎች ለይቶ ስለ ማወቅ
በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ወረዳዎች በማቋቋሚያ ሥራ ለተሰማሩ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

በድርቅ የተጐዳ ቤተሰብ እንደገና መቋቋም ሲጀምር አስቀድማ ወደ ግቢው የምትመለሰው እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ ናት። በሬ ለመግዛት የዓመታት ቁጠባ ያስፈልጋል፤ ፍየልም ብትሆን ገንዘብና ግጦሽ ትሻለች። ዶሮ ግን በአንድ የገበያ ቀን ተገዝታ በማግሥቱ ጓሮውን መጫር ትጀምራለች። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከተጐዱት ቦታዎች አንዷ በሆነችው ከተማ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ይፋ ሆኖ፣ ከሁለት ዓመት ዕድሜ በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲወገድ ግብ ካስቀመጠ ወዲህ ደግሞ፣ ዕንቁላል ለሕፃናት ምግብ ያለው ጥቅም በየስብሰባው የሚነሣ ጉዳይ ሆኗል። ስለሆነም በዋግ ኽምራ የሚሠራ ባለሥልጣን ወይም የዕርዳታ ሠራተኛ ውሎ አድሮ ዶሮ መቁጠር፣ ዶሮ ማደል ወይም ስለ ዶሮ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታው ይሆናል።

መቁጠሩ ቀላል ነው። አስቸጋሪው የተቈጠረችው ዶሮ ምን ዓይነት እንደሆነች ማወቁ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቀያይ ዶሮዎች ቢገኙ፣ አንደኛይቱ የአገሩ ልጅ፣ ሁለተኛይቱ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ሦስተኛይቱ ቦቫንስ ብራውን፣ አራተኛይቱ ሳሶ፣ አምስተኛይቱም ከእነዚህ የተዳቀለች ልትሆን ትችላለች። በመዝገብ ላይ ግን ሁሉም «ቀይ ዶሮ፣ 5» ተብለው ይሰፍራሉ። ከአምስቱ ዕንቁላሏን ታቅፋ፣ ጫጩት ፈልፍላና አሳድጋ ቤቱን በራሷ የምትተካው በአስተማማኝ ሁኔታ የመጀመሪያይቱ ብቻ መሆኗን መዝገቡ አይናገርም።

ጉዳዩ የቤተሰብ ኑሮን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ለአንዲት ባልዋ ለሞተባት ሴት «ለዘር» ተብለው ሦስት ቡናማ ቄቦች ቢሰጧት፣ መጣል እንደ ጀመሩ ዕንቁላሉን አጠራቅማ እንዲያቅፉላት ትጠብቃለች። ቄቦቹ በፋብሪካ መሣሪያ እንዲፈለፈሉ ታስበው የተመረጡ የዕንቁላል ዶሮዎች ከሆኑ አያቅፉም። ሴትዮዋ የአካባቢው ልማድ ያስተማራትን ሁሉ አሟልታ ብትጠብቅም ጫጩት አታገኝም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዶሮዎቹ ያረጃሉ፣ ግቢውም ባዶውን ይቀራል። ጥፋቱ የዶሮዎቹም የእርሷም አይደለም። የተሰጣት ነገር ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

የአገሩ ዶሮና የቀለም ስሞቹ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ዶሮ አዲስ እንስሳ አይደለም። በትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች መካከል ይቈጠራሉ። የቋንቋ ሊቃውንትም «ዶሮ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከአገው ቋንቋዎች የተወሰደ እንደሆነ ያስረዳሉ። ኽምጣና ተናጋሪ የሆኑት የዋግ ገበሬዎች እንግዲህ ከውጭ በመጣ ሰው ስለ ዶሮ ከመማራቸው በፊት ለአማርኛው ስሙን ያበደረ ሕዝብ ወገን ናቸው።

ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በየግቢው ያለ ገደብ ሲራባ የኖረ ዶሮ አንድ ወጥ መልክ አይኖረውም። በገበሬው ዘንድ ያሉት ስሞች በአብዛኛው የላባ ስሞች ናቸው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ ነጭና ጥቁር ተደባልቆ ግራጫ የሚመስለው ገብስማ፤ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ወሰራ፤ ቆቅ የሚመስለው ቡናማ ቆቅማ፤ እንደ ዥግራ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ዥግርማ። እነዚህ ስሞች በገበያ ላይ ዋጋ አላቸው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የሚቀርብ ቀይ አውራ ዶሮ ከጥቁሩ የበለጠ ያወጣል፤ የአንዳንዱ ላባ ዋጋ ደግሞ ከባህላዊ ልማድ ጋር ስለሚያያዝ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ይሁን እንጂ ስሞቹ የዝርያ ስሞች አይደሉም። ቀይ እናት ገብስማ ጫጩት ትፈለፍላለች፤ ከአንድ ዕቅፍ የወጡ ዐሥር ጫጩቶች አምስት ዓይነት ላባ ሊያበቅሉ ይችላሉ። በሪፖርት ላይ «ገብስማ ዝርያ» ወይም «ቀይ ዝርያ» ብሎ መጻፍ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ገበሬው ራሱ ሰፋ ያለውን ልዩነት «የሐበሻ ዶሮ» እና «የፈረንጅ ዶሮ» እያለ ይገልጻል። አከፋፈሉ ለመነሻ ያህል ይበቃል። «የፈረንጅ» የሚባሉት ግን በጠባያቸው እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ለማቋቋሚያ ሥራ የሚያስፈልገውም ይህን ልዩነት ማወቅ ነው።

ከውጭ የመጡት ዝርያዎች በኢትዮጵያ የታወቁት በ1940ዎቹ ዓ.ም. የጅማና የአለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ ካስገቡ ወዲህ ነው። በአማራ ክልል በኋላ የአንዳሳና የኮምቦልቻ የዶሮ ማራቢያ ማዕከሎች በተለይ ሮድ አይላንድ ሬድንና ከግብፅ የመጣውን ፋዩሚን አሰራጭተዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮይኮክ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በኩል ገባ። ከዚያ ወዲህ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን የተባሉት የዕንቁላል ዶሮዎች፣ እንዲሁም ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ ተከታትለው ወደ ገጠር ደርሰዋል። ሳሶ አብዛኛውን ጊዜ በወኪሎች እጅ እስከ አርባ አምስት ቀን ገደማ አድጎና ክትባት ተሰጥቶት ይሸጣል።

ቀያዮቹን መለየት

ቀይ ዶሮን ለመለየት የላባውን ቅላት ትቶ ከአናት መጀመር ይገባል። በዶሮ አናት ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው በገበያ ነጠላ የሚባለው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጠቀ አንድ ቀጭን ረድፍ ነው። ሁለተኛው ድርብ የሚባለው ነው። ከድርቦቹ መካከል ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ እንደ አተር ፍሬ የተደረደረው በአገሩ ዶሮዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ በላዩ የሻከረም አለ። የአተር ፍሬ የሚመስለው በዘር ሕግ ነጠላውን ስለሚያሸንፍ፣ ከወላጆች አንዱ ብቻ ቢኖረው እንኳ በልጁ ላይ ይታያል።

ከዚህ የሚከተለው ጥቅም ትልቅ ነው። ነጭ ሌግሆርን፣ ኮይኮክ፣ ፋዩሚ፣ ቦቫንስና ሳሶ ነጠላ ናቸው፤ ሮድ አይላንድ ሬድ ደግሞ ነጠላ ወይም ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ በአናቷ ላይ የአተር ፍሬ የመሰለ ሥጋ ያላት ቀይ ዶሮ፣ ላባዋ የቱንም ያህል የማራቢያ ማዕከሉን ዶሮ ቢመስል፣ የአገሩ ደም አለባት። ተቃራኒው ግን አይሠራም። ከአገሩም ዶሮዎች ብዙዎቹ ነጠላ ስለሆኑ፣ ነጠላ መሆን ብቻውን የፈረንጅነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ምልክቱ ሲኖር ያስረዳል፤ ሲጠፋ ግን ምንም አያስረዳም። በመስክ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ብዙዎቹ ይህን ካለመለየት የሚመጡ ናቸው።

ቀጥሎ የሚታየው የላባው ሥር ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ በደንብ የበሰለ ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ ነው፤ ላባው ሲገለጥ እስከ ሥሩ ድረስ ቀይ ሆኖ ይገኛል፣ የጅራቱ ጫፍ ደግሞ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው። ቦቫንስ ብራውን ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆና፣ ላባዋ ሲገለጥ ሥሩ ነጭ ወይም ዐመድማ ነው፤ በክንፏና በጅራቷም ነጭ ላባ አይታጣም። የአገሩ ቀይ ዶሮ ወጥ አይደለችም፦ አንገቷ ወርቅማ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ የላባዋ ዳር በጥቁር የተከፈፈ ሊሆን ይችላል። ሳሶ ከሁሉም በሰውነቱ ይለያል። ደረቱ ሰፊ፣ ቅልጥሙ ወፍራም፣ አካሄዱ ከባድ ነው። በአርባ አምስት ቀኑ የአገሩ ጫጩት ገና ከእናቱ ክንፍ ሥር ሳይወጣ ሳሶው ትልቅ ዶሮ መስሎ ይታያል።

የእግር ቀለም ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ ሆኖም ብዙ ሊታመን አይገባም። ቢጫ እግር ያለው የፈረንጅ ዶሮ ነው የሚለው አባባል ሐሰት ነው፤ በአገሩም ዶሮዎች ዘንድ ቢጫ እግር ሞልቷል። ከዚህም ሌላ ቢጫው የሚመጣው ከምትበላው ቅጠልና በቆሎ ነው። ለብዙ ሳምንታት ሳታቋርጥ የጣለች ዶሮ ቢጫውን ወደ ዕንቁላሉ አስኳል ስለምታስተላልፈው ቀለሙ በመጀመሪያ ከዕንቁላል መውጫዋ ዙሪያ፣ ከዓይኗ ሽፋንና ከመንቁሯ፣ በመጨረሻም ከእግሯ እየጠፋ ይሄዳል። እንግዲህ እግሯ የነጣ ቡናማ ዶሮ ስትገኝ «የሐበሻ ናት» ተብላ ስትመዘገብ፣ በእውነቱ በግቢው ውስጥ ከሁሉ አብልጣ የጣለችው ቦቫንስ ልትሆን ትችላለች።

ቦቫንስን በተመለከተ ሌላ አስተማማኝ ምልክት አለ። ይህችን ዶሮ የሚያስገኘው ድቅል ጫጩቶቹ ገና ሲፈለፈሉ በቀለማቸው ጾታቸው እንዲታወቅ ሆኖ የተዘጋጀ ነው፦ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጭማ ይሆናሉ። ቡናማ የቦቫንስ አውራ ዶሮ እንግዲህ የለም ማለት ይቻላል። «ቦቫንስ ናቸው» ተብለው ከታደሉ ቡናማ ጫጩቶች መካከል እያደሩ ቡናማ አውራ ዶሮዎች ከወጡ፣ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። እንዲህ ያለውን ግኝት ለላኪው ክፍል ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ዶሮዎቹን ግን ከገበሬው መንጠቅ አያስፈልግም። ምናልባትም ሮድ አይላንድ ሬድ ወይም ሳሶ ሆነው ከተባለው ይልቅ ይጠቅሙት ይሆናል።

በፈልፋይ ድርጅት ያደገች ዶሮ አንዳንድ ጊዜ በመንቁሯም ትታወቃለች። እርስ በርስ እንዳይበላሉ ሲባል የመንቁራቸው ጫፍ የሚቈረጥበት አሠራር አለ። ይህች ዶሮ በከረጢት መኖ ለምትመገብበት ቤት እንጂ በድንጋያማ ጓሮ ጭራ ለምትኖርበት ቤት አልተዘጋጀችም፤ ከመሬት ፍሬና ነፍሳት መልቀም ይቸግራታል። በጭሮ አደር ግቢ እንድትኖር ሊሰጧት የሚያስቡ ሠራተኞች ይህን አስቀድመው ሊመለከቱ ይገባል።

ገብስማና ገብስማ የሚመስሉት

ከቀያዮቹ ቀጥሎ የሚያሳስቱት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባቸው ናቸው። የአገሩ ገብስማ፣ ኮይኮክና ፋዩሚ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ቀርቦ ከጀርባ ላይ አንድ ላባ ነቅሎ ማየት ግን ክርክሩን ያቃልለዋል። የኮይኮክ ላባ ከዳር እስከ ዳር በተስተካከሉ ጥቁርና ነጭ ሰረዞች የተሰመረ ነው፤ ሰረዙ በአንገትም፣ በክንፍም፣ በጅራትም ሳይቋረጥ ይገኛል። በገብስማው ዘንድ ቀለሙ የተረጨ ይመስላል፤ ሰረዝ ቢኖረው እንኳ በአንዱ የሰውነት ክፍል ታይቶ በሌላው ይጠፋል። ፋዩሚ ደግሞ ራሱና አንገቱ ብርማ ነጭ፣ ቀሪው ሰውነቱ በቀጫጭን ጥቁር መስመሮች የተሸፈነ፣ እግሩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዓይኑ ትልቅና ጥቁር ነው። ሲይዙት እንደ ዱር ወፍ ይጮኻል፤ ከአጥር በላይ በቀላሉ ይበርራል። ትንሽና ነቃ ያለ በመሆኑ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ በበዛበት አገር ከከባዶቹ ይልቅ ያመልጣል፤ ሥጋው ግን ጥቂት ስለሆነ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም።

የኮይኮክ ሰረዝ ለመስክ ሠራተኛ ልዩ ጥቅም አለው፤ ስለ ወላጆች ይመሰክራልና። ይህ ሰረዝ የሚተላለፈው ከጾታ ጋር በተያያዘ የዘር መንገድ ነው። የሰረዙን ዘር ወንዱ ከአባቱም ከእናቱም ሊወርስ ይችላል፤ ሴቷ ግን የምትወርሰው ከአባቷ ብቻ ነው። ስለዚህም ንጹሑ የኮይኮክ አውራ ከሴቷ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ጫጩቶቹም ጥቁር ሆነው ሲወለዱ በአናታቸው ላይ ያለው ነጭ ምልክት በወንዶቹ ሰፋ ይላል።

በግቢ ውስጥ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይቻላል። የኮይኮክ አውራ ዶሮ ከሰረዝ የለሽ የአገር እናቶች ጋር ቢራባ፣ ሌላ ነጭ ላባ ካልሸፈነው በቀር፣ ጫጩቶቹ ሴቱም ወንዱም ሰረዛም ይሆናሉ። የኮይኮክ ሴት ዶሮ ከሰረዝ የለሽ የአገር አውራ ጋር ስትራባ ግን ሰረዛም የሚሆኑት ወንዶች ልጆቿ ብቻ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ ከሦስት ዓመት በፊት የኮይኮክ ቄቦች ብቻ ታድለው፣ ዛሬ በየግቢው የአተር ፍሬ የመሰለ የአናት ሥጋ ያላቸው ሰረዛም ሴት ዶሮዎች ቢታዩ፣ በአካባቢው የሚዞር ሰረዛም አውራ ዶሮ አለ ማለት ነው፤ እነዚህም ዶሮዎች ድቅል እንጂ የታደሉት ኮይኮኮች አይደሉም። «ከታደሉት ይህን ያህሉ በሕይወት አሉ» ተብሎ የሚቀርብ ሪፖርት ልጆቹን ከእናቶቹ ጋር ቈጥሮ ሊሆን ስለሚችል ይህን መመርመር ያስፈልጋል።

ነጮቹና አንገተ መላጣዎቹ

ነጭ ሌግሆርን ለመለየት አያስቸግርም። ትልቁ ነጠላ የአናት ሥጋ በሴቷ ላይ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል፤ ከጆሮዋ ሥር ያለው ቆዳ ነጭ ነው፤ ዕንቁላሏም እንደ ኖራ የነጣ ነው። የአገሩ ነጭ ዶሮ ዕንቁላል ትንሽ ሲሆን፣ ቅርፊቱ ከነጭማ እስከ ፈዛዛ ቡናማ ይለዋወጣል።

አንገቱ ላባ የሌለው ዶሮ ሲታይ «ይህ የአገር ነው» ማለት የተለመደ ነው። ድሮ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ከሳሶ መካከል አንገተ መላጣ የሆኑ ስላሉ አንገት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቅልጥምና ደረት አብረው ይታያሉ። መላጣነቱም የበላይ የሆነ ጠባይ ስለሆነ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ዶሮ በአንገቱ ፊት ለፊት፣ ከማንቁርቱ በላይ፣ አንዲት እፍኝ ላባ ትቀርለታለች፤ ከሁለቱም የወረሰው አንገቱ ፈጽሞ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ዶሮ ሙቀትን በደንብ ስለሚቋቋም ለአበርገሌ፣ ለዝቋላና ለሰሐላ ቆላማ ቀበሌዎች ይስማማል። በጋዝጊብላና በደሃና ደጋ ላይ ግን ጫጩቶቹ በሌሊት ብርድ ስለሚጐዱ ዕደላው ይህን ሊያገናዝብ ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ካለችው ከሰቆጣ ከተማ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መኪና በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት የተለያዩ አገሮችን ያያል፤ አንድ ዓይነት ዶሮ ለሁለቱም ይበቃል ብሎ ማሰብ በሰፈራ ጊዜ የደጋን ሰው ያለ ዝግጅት ቆላ ከማውረድ ብዙ አይለይም።

ድርቅ ምልክቶችን እንዴት እንደሚያሳስት

እስካሁን የተገለጹት ምልክቶች በደኅና ጊዜ፣ በደኅና የበላ ዶሮ ላይ የሚታዩ ናቸው። የማቋቋሚያ ሠራተኛ ዶሮን የሚያየው ግን ብዙውን ጊዜ በክፉ ጊዜ ነው። በ2008 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ እንደ ነበረው ባለ ድርቅ ወቅት፣ ወይም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ወደ ሰቆጣ አካባቢ እንደ መጡት ቤተሰቦች ባለ ሁኔታ፣ ዶሮዋም ባለቤቷም ተርበዋል።

የተራበች ዶሮ መጣል ታቆማለች፤ መጣል ስታቆምም የአናቷ ሥጋ ይጨማደዳል፣ ይገረጣል። ትልቁ የሌግሆርን የአናት ሥጋ እንኳ ደርቆ የአገሩን ዶሮ ሊመስል ይችላል። ቀይ ላባ በፀሐይና በአቧራ ይደበዝዛል፤ ሮድ አይላንድ ሬዱ ቆቅማ ይመስላል። ክብደትም ማስረጃነቱን ያጣል፤ ከሲታ ሳሶ ከደኅና የሐበሻ ዶሮ ሊቀል ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይለወጡትን መመልከት ያሻል፦ የአናት ሥጋው መጠን ሳይሆን ቅርጹ፣ የቅልጥሙ ውፍረት፣ የላባው ሥር፣ የሰረዙ ሥርዐት። ላባ በሚያፈራርቁበት ወራትም አሮጌው ላባ ደብዝዞ አዲሱ ስለሚደምቅ አንዲት ዶሮ ሁለት ቀለም ለብሳ ትገኛለች፤ የሚታመነው አዲሱ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የመመልከቻ ሰዓት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ዶሮዎች ወደ ቆጥ ሲወጡ የአገሩና ፋዩሚው በቀላሉ ዘልለው ይወጣሉ፤ ሳሶና ሌሎች ከባዶች መሬት ላይ ይቀራሉ ወይም ዝቅተኛውን ይመርጣሉ። ከቆጥ ላይ ዶሮን ማውረድም ቀን ሲያባርሩ ከመዋል ይቀላል፤ የታመመችውም ትለያለች። ፈንግል በገባበት መንደር ከግቢ ግቢ እየተዘዋወሩ ዶሮ መያዝ ግን በሽታውን በእጅና በጫማ ማዛመት ስለሆነ ቈጠራው ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ ይገባል። ከገበያ ተገዝተው የሚታደሉ ዶሮዎችም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻቸው ሳይቈዩ ከነባሮቹ ጋር ሊቀላቀሉ አይገባም።

ባለቤቲቱን ስለ መጠየቅ

በዋግ ኽምራ፣ እንደ ሌላውም ገጠር ሁሉ፣ ዶሮ በአብዛኛው የሴቶች ንብረትና ኃላፊነት ነው። የሚቈጠረው ዶሮ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከአባወራው ነው፤ መልሱም የገበያ ቀለም ስም ብቻ ይሆናል። እናትየዋ ዶሮዎቿን በትውልድ ታውቃቸዋለች። «እናቴ፣ ይህችን ዶሮ ማን አቀፋት? እርሷስ ታቅፋ ታውቃለች ወይ? ዕንቁላሏ የትኛው ነው?» ብሎ በአክብሮት የጠየቃት ሠራተኛ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ብዙ ላባ ነቅሎ የማያገኘውን ይረዳል። ያቀፈቻትና የወለደቻት የተለያዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን አይዘንጋ፤ በአገር ዶሮ ሥር የፈረንጅ ዕንቁላል ማሳቀፍ የታወቀ ዘዴ ነው።

የማቀፍ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥበት ምክንያት በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። የአገሩ ዶሮ በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዕንቁላል ጥላ 21 ቀን ታቅፋ፣ ከዚያም ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ጫጩት ታሳድጋለች። በዓመት የምትጥለው ስለዚህ ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ብቻ ሲሆን አንዱ ዕንቁላል 40 ግራም ያህል ይመዝናል። ቦቫንስ ብራውን በጥሩ አያያዝ በዓመት እስከ 300 የሚደርስ፣ እያንዳንዱም 60 ግራም ገደማ የሆነ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ለዚህ ግን በየቀኑ ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች፣ አታቅፍምም። ኮይኮክና ፋዩሚ በመካከል ናቸው። የእነርሱም ማቀፍ እንደ አገሩ ዶሮ አስተማማኝ አይደለም፤ ነገር ግን ድቅል ስላልሆኑ ኮይኮክ ከኮይኮክ፣ ፋዩሚም ከፋዩሚ ከተራባ ልጁ ወላጁን ይመስላል። የቦቫንስና የሳሶ ልጆች ግን በላባም በምርትም ይበታተናሉ፤ የእነዚህን ዕንቁላል ለዘር ማስቀመጥ የወላጆቹን ምርት አያስገኝም።

ከዚህ የተነሣ መኖ በሌለበት ግቢ ለሚቋቋም ቤተሰብ፣ ከውጭ ዝርያ ምንም ያህል ቢታደል፣ ቢያንስ አንዲት የምታቅፍ የአገር ዶሮ አብራ እንድትኖር ማድረግ ይገባል። ዕንቁላሉ ከኮይኮኳ፣ ማቀፉ ከሐበሻዋ ሲሆን ሁለቱም ይጠቅማሉ። በጾም ወራት ዕንቁላል ስለማይበላ ለማሳቀፍ ይመቻል፤ ዕደላው ከዐቢይ ጾም በፊት ቢደርስ ይህን ጊዜ መጠቀም ይቻላል። ከክልሉ የሰፈራ መርሐ ግብር ጋር ወደ መተማና ወደ ቋራ እንደ ወረዱት ያሉ ሰፋሪዎች ዘንድ፣ ዙሪያቸው ገበያ ገና ሳይቋቋም፣ የምትተካ ዶሮ መኖሯ የበለጠ ያስፈልጋል።

መዝገቡን በተመለከተ፣ በአንድ «ዶሮ» የሚል ዓምድ ፋንታ አራት ቢሆኑ ይበቃሉ፦ የአገር፣ ንጹሕ የውጭ ዝርያ፣ የፋብሪካ ድቅል፣ በግቢ የተዳቀለ። ከእነዚህ ጎን ታቅፋ የምታውቅ መሆንዋና አለመሆንዋ በአንድ ምልክት ይመለከታል። የላባው ቀለም ለባለቤቲቱ መለያ ስለሚሆን በማስታወሻው ላይ ይጻፋል። አርባ አምስት ቀን የሞላቸው ቄቦች ሲታደሉ የአናት ሥጋቸው ገና በሚገባ ስላላደገ የዝርያቸው ስም ከላኪው ሰነድና ከክትባት ካርዱ ይገለበጣል፤ መጣል ሲጀምሩ፣ ማለት ከአምስተኛው ወር በኋላ፣ ሠራተኛው ተመልሶ የአናታቸውን ቅርጽና የዕንቁላላቸውን ቅርፊት ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ያልተስማማ ሲገኝ የቀድሞው ጽሑፍ አይፋቅም፤ አዲሱ ከነቀኑ ከሥሩ ይጻፋል። የሚያጠራጥር ዓይነት በሰቆጣ ለሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሊታይ ይችላል፤ ለዚህም ዶሮዋን ይዞ መሄድ ሳያስፈልግ፣ ከጀርባዋ የተነቀለ አንድ ላባ፣ የራሷ ፎቶግራፍ ከጎንና ከላይ፣ አንድ ዕንቁላልም ይበቃል።